የፓትርያርኩ እርሳስ፦ የሰውየው ማኅተም ነው ወይስ የመንበሩ?

ጥያቄው እንዲህ የሚል ነው፦ «በአንድ ሙዚየም ማሳያ ውስጥ ሳንቲም የመሰለች፣ ጠቆር ያለች የእርሳስ ዝርግ አየሁ። መግለጫው ‹የቁስጥንጥንያ ፓትርያርክ የሚካኤል ኬሩላርዮስ የግል ማኅተም፣ 11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን› ይላል። በአንድ ፊቷ ወላዲተ አምላክ ሕፃኑን ይዛ ትታያለች፤ በሌላው የግሪክኛ ጽሑፍ አለ። ፓትርያርክ የግል ማኅተም ሊኖረው ይችላል? የመንበሩ ማኅተም መሆን አልነበረበትም? ደግሞስ ለዚያ ሁሉ ክብር ለምን እርሳስ?»

ምላሽ፦

አስቀድሜ አንድ የቃል ነገር ላጥራ። በአማርኛ «ማኅተም» ስንል መምቻውንም፣ ተመትቶ የሚቀረውንም ምልክት በአንድ ስም እንጠራለን፤ እርስዎ ከመስተዋቱ በስተጀርባ ያዩት ግን መምቻው ሳይሆን ምልክቱ ነው። ፓትርያርኩ በጣቱ ያጠለቀው ወይም በሣጥኑ ያኖረው ዕቃ አይደለም፤ በአንድ ደብዳቤ ወይም ውሳኔ ላይ ታስሮ ከግቢው የወጣ፣ ከወጣም በኋላ ባለቤቱ ምናልባት ዳግመኛ ያላየው ነገር ነው። ከአንድ መምቻ ብዙ መሰል ማኅተሞች ይወጡ ስለነበር የዚሁ ሰው ማኅተም በሌላ ከተማ ሙዚየም ቢያጋጥምዎ አይደነቁ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ወደ ዋናው ጥያቄ ስመጣ፣ «የግል» የሚለው የመግለጫው ቃል ስሕተት አይደለም፤ ነገር ግን እኛ ዛሬ «የግል» ስንል የምናስበውን፣ ከሥራ ውጭ የሆነውን የቤት ጉዳይ ማለት አይደለም። የራሳችንን መሥሪያ ቤት ቢያስቡ ነገሩ ይቀላል። በእኛ ቢሮ ክቡ ማኅተም የመሥሪያ ቤቱ ነው፤ ኃላፊው ሲነሣ በርክክብ ለተተኪው ይተላለፋል። የኃላፊውን ስምና ማዕረግ የያዘው ቲተር ግን ከሰውየው ሹመት ጋር ያበቃል። የጥንት የግእዝ መጻሕፍት «ሮም» በሚሉት፣ ዛሬ ቢዛንታይን በምንለው መንግሥት እነዚህ ሁለቱ አልተለያዩም ነበር። ሰነዱን የሚያጸናው ማኅተም ራሱ የሰውየውን ስም በግልጽ የያዘ፣ ለእርሱ ብቻ የተቀረጸ፣ እርሱ ከመንበሩ ሲወርድ ወይም ሲሞት አገልግሎቱ የሚያበቃ ነበር። ስለዚህ ኬሩላርዮስ ከሞተ በኋላ የተተካው ቆስጠንጢኖስ ሊኩዴስ ያንኑ መሣሪያ ተረክቦ ሊጠቀምበት አይችልም፤ በራሱ ስም አዲስ ማስቀረጽ ነበረበት።

ጽሑፉን ራሱን ብናነብ ይህ ወዲያው ይታያል። በእርሳሱ ጀርባ በመስመር በመስመር የተደረደሩት ፊደላት ሲገጣጠሙ «ሚካኤል፣ በእግዚአብሔር ምሕረት የአዲሲቱ ሮም የቁስጥንጥንያ ሊቀ ጳጳሳትና የዓለሙ ሁሉ ፓትርያርክ» የሚል ይወጣቸዋል። የመጀመሪያው ቃል የሰው ስም ነው፤ መንበሩ የሚመጣው ስሙን ተከትሎ ነው። ከስሙ የጎደለውንም ልብ ይበሉ፤ «ኬሩላርዮስ» የሚለው የቤተ ሰብ ስም የለም። በዚያ ዘመን የነበሩ የመንግሥት ሹማምንት በእርሳሳቸው ላይ የቤተ ሰብ ስማቸውን እየጨመሩ ሲሄዱ፣ ፓትርያርክ ግን መነኩሴ ነውና በክርስትና ስሙ ብቻ ይጠራል።

እዚህ ላይ አንባቢ «ታዲያ የትኛው ሚካኤል እንደ ሆነ በምን ታወቀ?» ቢል ጥያቄው ተገቢ ነው። በቁስጥንጥንያ መንበር ሚካኤል የተባሉ ሌሎችም ነበሩ፤ ከኬሩላርዮስ (1043–1058) በኋላ ዳግማዊ ሚካኤል (1143–1146)፣ ሣልሳዊ ሚካኤል (1170–1178)፣ ከዚያም ከተማዋ በላቲኖች እጅ በነበረችበት ጊዜ መንበሩን በኒቂያ ያደረገው ራብዓዊ ሚካኤል (1208–1214) ተከታትለዋል። የማኅተም ጥናት ባለሙያ ሥራ በአብዛኛው ይህ ነው፤ አንድ ስምና አንድ ማዕረግ ተሰጥቶት ሰውየውን ከስመ ሞክሼዎቹ መለየት። የፊደላቱ አጣጣል፣ የአጽሕሮተ ቃላቱ ልማድ፣ የሥዕሉ ዐይነትና የመልኩ አሠራር፣ የእርሳሱ ስፋት፣ የጽሑፉ ዙሪያ በነጠብጣብ የተከበበበት መንገድ ሁሉ ዘመናቸው በሌላ ማስረጃ ከታወቀ ማኅተሞች ጋር ይነጻጸራል። የግማሽ ምዕት ዓመት ልዩነት ብዙውን ጊዜ ለሠለጠነ ዐይን ይታያል፤ የአሥር ዓመት ልዩነት ግን አይታይም፤ በዚህ ነጥብ ከሚገባው በላይ የሚተማመን መግለጫ ሲያዩ ቢጠራጠሩ አልቃወምዎትም። በኬሩላርዮስ ጉዳይ ግን ቀዳማዊውን ሚካኤል ከቀጣዩ የሚለየው ከሰማንያ ዓመት በላይ ስለሆነ መሠረቱ ጽኑ ነው።

አሁን ስለ መሣሪያው። ግሪኮች ቡሎቴሪዮን ይሉታል። መልኩን ለማሰብ የአንጥረኛ ጉጠት በዐይነ ልቡናዎ ይሳሉ፤ ከብረት የተሠራ፣ ሁለት መንጋጋ ያለው፣ በእያንዳንዱ መንጋጋ ውስጠኛ ፊት ላይ ጽሑፉና ሥዕሉ በግልባጭ የተቀረጸበት፣ በላይኛው መንጋጋ ጀርባ ለመዶሻ ምት የሚሆን ወፍራም አናት ያለው ነው። የእርሳስ ዝርጎቹ አስቀድመው በድንጋይ ቅርጽ ውስጥ በብዛት ይቀለጡና ይፈስሳሉ፤ ሲፈስሱም በእያንዳንዱ ዝርግ ውፍረት መካከል ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚያልፍ ቀጭን ቀዳዳ ይቀርላቸዋል። ጸሐፊው ሰነዱን ያጥፋል፣ ክሩን በብራናው ወይም በወረቀቱ ቀዳዳ፣ ከዚያም በእርሳሱ ውስጥ ያሳልፋል፤ ዝርጉን በሁለቱ መንጋጋዎች መካከል አድርጎ በመዶሻ ይመታል። በአንድ ምት ሁለቱም ፊቶች ይታተማሉ፣ የመካከሉም ቀዳዳ ክሩን ጨምቆ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ክሩን ሳይቆርጡ ወይም እርሳሱን ሳያበላሹ ሰነዱን መክፈት አይቻልም። ሁለቱ ቅርጾች በአንድ መሣሪያ ላይ የተጣመሩ መሆናቸው ለጥያቄዎ ቁም ነገር አለው፤ ምክንያቱም የስሙን ፊት ከሥዕሉ ፊት ለይቶ መለወጥ አይቻልም። ስሙ ሲለወጥ መሣሪያው በሙሉ ይለወጣል።

ይህን ከሮም ጳጳሳት ልማድ ጋር ማነጻጸር ልዩነቱን ያጎላዋል። እነርሱም የእርሳስ ማኅተም ይጠቀሙ ነበር፤ እንዲያውም የጳጳሱ ዐዋጅ በላቲን «ቡላ» መባሉ ከዚሁ ከእርሳሱ ስም የመጣ ነው። ከ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ግን በአንድ ፊት የጴጥሮስና የጳውሎስ ራስ፣ በሌላው የጳጳሱ ስም ሆኖ ጸና፤ ጳጳሱ ሲሞት የስሙ ቅርጽ ይሰበራል፣ የሐዋርያቱ ቅርጽ ግን ለተተኪው ይቆያል። በዚያ አሠራር የመንበሩና የሰውየው ድርሻ በሁለት ብረት ተለይቶ ይታያል። በቁስጥንጥንያ እንዲህ ያለ ልዩነት አልነበረም።

የሰው ስም የሌለው፣ የአንድ አካል ብቻ የሆነ ማኅተም በቢዛንታይን ጭራሽ አልነበረም ማለቴ ግን አይደለም። ከሁሉ የምወደውን አንዱን ልጥቀስ። በሐጊያ ሶፍያ ካቴድራል «ኤክዲኮይ» የሚባሉ፣ ፍርድ ነክ ጉዳዮችን የሚመለከቱ ካህናት ነበሩ፤ የእነርሱ እርሳስ በአንድ ፊት ድንግል ማርያምና ንጉሠ ነገሥት ዮስጢንያኖስ የቤተ ክርስቲያኑን አምሳል በመካከላቸው ይዘው ያሳያል፣ በሌላው ፊት የማኅበሩን ስም እንጂ የማንንም ግለሰብ ስም አይጽፍም። እርስዎ «የመንበሩ ማኅተም» ሲሉ ያሰቡት ይህን መሰል ነገር ይመስለኛል። የፓትርያርኩ እርሳስ ከዚህ ወገን አይደለም።

ግላዊነቱ ከስሙ አልፎ እስከ ማዕረጉ ይደርሳል። የሀገረ ስብከት አለቆች ከቤተ መንግሥት የክብር ማዕረግ ሲጨመርላቸው በማኅተማቸው ላይ ይጽፉት ነበር። በ11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በኪየቭ የነበረው ግሪካዊው ሜትሮፖሊጣን (የአውራጃው ሊቀ ጳጳስ) ጊዮርጊስ በእርሳሱ ላይ ራሱን «የሩስያ ሜትሮፖሊጣንና ሲንኬሎስ» ይላል፤ «ሲንኬሎስ» የመንበሩ ሳይሆን ለእርሱ ለሰውየው የተሰጠ ክብር ነው። እንዲህ ያለ ማዕረግ በተጨመረ ቁጥር አዲስ ቡሎቴሪዮን ማስቀረጽ ግድ ነበርና፣ የአንድ ሰው ልዩ ልዩ ማኅተሞች በተከታታይ ሲገኙ የሹመት ታሪኩን ይነግሩናል። ኬሩላርዮስ ከመመንኮሱ በፊት ዓለማዊ ሰው ነበር፤ በ1040 በንጉሠ ነገሥቱ ላይ በተዶለተ ሤራ ተከሶ ተግዞ ነው የመነኮሰው። ስለዚህ በዓለማዊ ሕይወቱ ተጠቅሞበት የነበረ ማኅተም ቢኖር እንኳ ይህ እርስዎ ያዩት ከ1043 በኋላ ብቻ ሊመታ የሚችል ነው።

በፊተኛው ገጽ ያለችውን ወላዲተ አምላክን በተመለከተ፣ የሥዕሉ ምርጫ ለጳጳሳት በመጠኑ ነጻ ነበር። ብዙዎቹ የከተማቸውን ጠባቂ ቅዱስ ይመርጡ ነበር፤ የኤፌሶን ሜትሮፖሊጣን ዮሐንስ ወንጌላዊን፣ የሙራው ቅዱስ ኒቆላዎስን፣ የኤውካይታው ቅዱስ ቴዎድሮስን፣ የቀርጤሱ ጎርቲና ቅዱስ ቲቶን። ሌሎች የስማቸውን ቅዱስ አሳትመዋል። የቁስጥንጥንያ ፓትርያርኮች ግን ቅዱሳት ሥዕላት ይፈቀዱ ወይስ ይከልከሉ ከሚለው ክርክር ፍጻሜ ከ843 በኋላ እየቆዩ ሕፃኑን በያዘች ድንግል ላይ ጸንተዋል፤ ከተማዋ በእርሷ ጥበቃ ሥር ናት ተብሎ ይታመን ስለነበር ምርጫው የከተማዋም ነው። ሥዕል በተከለከለበት ዘመን በእርሳሶቹ ላይ የምናገኘው መስቀልና እንደ መስቀል የተጠላለፉ ፊደላት ነው። በመስቀሉ አራት ማዕዘናት «ለአገልጋይህ» የሚለው ቃል ይበተናል፣ የተጠላለፉት ፊደላት ደግሞ «ጌታ ሆይ እርዳ» ወይም «ወላዲተ አምላክ ሆይ እርጂ» ተብለው ይነበባሉ። የግእዝ ብራና ያገላበጠ ሰው «ርድኦ ለገብርከ» የሚለውን ጸሎትና ከእርሱ ቀጥሎ የሚገባውን የባለቤቱን ስም ያውቃልና ይህ አጻጻፍ እንግዳ አይሆንበትም። በኬሩላርዮስ እርሳስ ላይ ግን ልመናው ቀርቶ «በእግዚአብሔር ምሕረት» የሚል የሹመት አነጋገር ተተክቷል፤ ትሕትናው አለ፣ ሰዋስዉ ግን ከለማኝነት ወደ ባለሥልጣንነት ተሻግሯል።

«የዓለሙ ሁሉ ፓትርያርክ» የሚለው ሐረግ ለብቻው ሊታይ ይገባዋል። መጠሪያው አዲስ አልነበረም፤ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጾመኛው የተባለው ፓትርያርክ ዮሐንስ ሲጠቀምበት የሮሙ ጎርጎርዮስ አጥብቆ ተቃውሞ ነበር። በእርሳስ ላይ ተቀርጾ መታየት የጀመረው ግን በኬሩላርዮስ ዘመን ነው። ሰነድ ሁሉ ላይ በሚንጠለጠል ነገር ላይ ያን ማዕረግ ማስቀረጽ ከሮም ጋር ከነበረው ፉክክር ተለይቶ ሊታይ አይችልም፤ እኔ በበኩሌ ድፍረቱን የማየው ከደብዳቤዎቹ ይልቅ በዚህች እርሳስ ላይ ነው።

ይኸው ሰው ስለ ማኅተም ያለው ቦታ በዚህ አያበቃም። በ1054 ብፁዕ ሁምበርት የሚመራቸው የሮም መልእክተኞች የጳጳስ ልዮን 9ኛን ደብዳቤ ይዘው ቁስጥንጥንያ ሲገቡ፣ ኬሩላርዮስ ማኅተሙ ተነካክቷል ብሎ ደብዳቤውን አልተቀበለም፤ በኢጣሊያ የንጉሠ ነገሥቱ ሹም የነበረው አርጊሮስ ያቀነባበረው ሐሰት ነው ሲል ተከራከረ። ዛሬ አብዛኞቹ የታሪክ ጸሐፊዎች ደብዳቤው እውነተኛ እንደ ነበረ ይቀበላሉ። መልእክተኞቹ ሐምሌ 16 ቀን ኬሩላርዮስን የሚያወግዝ ጽሑፍ በሐጊያ ሶፍያ መንበረ ታቦት ላይ ጥለው ወጡ። ክሱ ትክክል ይሁንም አይሁን፣ አንድ የቤተ ክርስቲያን መሪ የሌላውን ቃል የሚቀበለው ወይም የሚጥለው በክርና በእርሳስ ሁኔታ ላይ ተመሥርቶ መሆኑን ያሳያል።

«ለምን እርሳስ?» የሚለው ጥያቄዎ ከክብር አንጻር የተጠየቀ ነው፣ መልሱ ግን በከፊል የአየር ጠባይ ነው። ሰም በሜዲትራኒያን በጋ ይለሰልሳል፣ በጉዞም ይሰበራል። እርሳስ ደግሞ በ327 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚቀልጥ በመሆኑ በተራ ምድጃ ይፈስሳል፤ ለስላሳ ስለሆነ በቀዝቃዛው ሳለ ጥቃቅን ፊደል ይቀበላል፤ እንደ ብረት አይዝግም፤ ዋጋውም ርካሽ ነው። የቀረው ክፍል የሥርዓት ነው። የወርቅ ማኅተም የንጉሠ ነገሥቱ ብቻ ነበር፤ እርሱም ራሱ ለዕለት ተዕለት ደብዳቤ በእርሳስ ይጠቀም ነበር። ከእርሱ በታች ያለው ሁሉ፣ የጦር አለቃው፣ ቀረጥ ሰብሳቢው፣ ገዳሙ፣ ጳጳሱ፣ ፓትርያርኩም በእርሳስ እኩል ናቸው። የዘመኑ ታሪክ ጸሐፊዎች ኬሩላርዮስ የነገሥታት ብቻ የሆነውን ሐምራዊ ጫማ ሊጫማ እንደ ደፈረ ይነግሩናል፤ በ1058 በንጉሠ ነገሥት ይስሐቅ ኮምኔኖስ ትእዛዝ ተይዞ የተጋዘው፣ ለፍርድ ሳይቀርብም የሞተው ይህን በመሰለ ክስ ጥላ ሥር ነበር። ማኅተሙ ግን እርሳስ ነው።

ያ እርሳስ የተንጠለጠለበት ሰነድ ጠፍቷል። ብራናና ወረቀት በእሳት፣ በእርጥበትና በጦርነት ሲያልቁ እርሳሱ ከመሬት ውስጥ ይቆያል፤ ከክሩ ጋር ሳይለያይ በሰነዱ ላይ የቀረ ማኅተም ማግኘት የሚቻለው በአብዛኛው እንደ አቶስ ተራራ ባሉ የገዳማት መዛግብት ነው። በዓለም ላይ ከ60,000 በላይ የቢዛንታይን እርሳሶች እንዳሉ ይገመታል፤ ትልቁ ስብስብ በዋሽንግተን በደምባርተን ኦክስ ሲሆን 17,000 ያህል ይዟል። የእርሳስ ጠላቱ ከመሬት ይልቅ ተማምነን የምናስቀምጥበት የእንጨት ሣጥን መሆኑ ብዙ ሰዎችን ያስገርማል፤ በተለይ የኦክ እንጨት የሚያወጣው አሲድ ያለበት ትነት ማኅተሙን ነጭ ዱቄት ያደርገዋል። እርስዎ ያዩትን ጥቁረት ሙዚየሙ ያላጸዳው ለዚህ ነው፤ ያ ጥቁር ሽፋን ጸንቶ ከቆየ ከስሩ ያለውን ፊደል ይጠብቃል።

በገበያ ላይ ተመሳሳይ ነገር ቢያጋጥምዎ ከየት እንደ ወጣ ማስረጃ የሌለውን እንዳይገዙ እመክራለሁ፤ ብዙዎቹ ከመሬት በስውር ተቆፍረው ከሀገር የወጡ ናቸው፣ ሐሰተኛውም ብዙ ነው። ሐሰተኛ ማኅተም አብዛኛውን ጊዜ በመዶሻ አይመታም፣ ከቅርጽ ውስጥ ይፈስሳል፤ ስለዚህ በፊቱ ላይ ጥቃቅን የአየር አረፋ፣ በጠርዙ ዙሪያ የመጋጠሚያ መስመር ይታያል። እውነተኛውን የሚያሳውቀው ዋናው ምልክት ግን በጠርዙ ላይ ነው። ወደ ሙዚየሙ ሲመለሱ ሥዕሉን ትተው እርሳሱን በጎን ይመልከቱት፤ ከጠርዙ በአንድ በኩል፣ ደግሞም በትይዩው ክሩ የገባበትና የወጣበት ትንሽ ቀዳዳ ወይም ስንጥቅ ያገኛሉ፤ አልፎ አልፎም በቀዳዳው ውስጥ የክሩ ቅንጣት ተጣብቆ ቀርቶ ይገኛል።